ከሆስፒታል በር በኋላ ያለው ዓመት

ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከሱስ ለሚያገግሙ ሰዎች የረጅም ጊዜ ማገገሚያ መኖሪያ እንዲደራጅ ስለመጠየቅ

ሱስ የገባበት ቤተሰብ መንገዱን ያውቀዋል። መጀመሪያ ምክር ነው፤ ቀጥሎ ሽማግሌ፤ ከዚያ ጸበል። ጸበል ሰንብቶ የተመለሰው ልጅ ጥቂት ወራት ደህና ይከርምና ሲያገረሽበት፣ ቤተሰቡ ዕቃ ሸጦም ተበድሮም ሆስፒታል ይወስደዋል። አልጋ ከተገኘ ሁለት ሦስት ሳምንት ይተኛል። የእጁ መንቀጥቀጥ ይቆማል፤ እንቅልፉ ይመለሳል፤ ፊቱ ይሞላል። እናቱ ልብሱን በፌስታል ይዛ ልታወጣው ስትመጣ የምታውቀውን የድሮ ልጇን ታገኛለች። ታክሲ ይዘው ሰፈር ይገባሉ። ከታክሲው የሚወርዱበት ቦታ ላይ ግን ጫት ቤቱ እንዳለ ነው፤ ግሮሰሪውም እንዳለ ነው፤ አብሮ አደጎቹ እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ሥራ የለውም፤ ቀኑ ረጅም ነው፤ ሐራራው ሲመጣ የሚደውልለት ሰው የለውም።

ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ስለዚያ ቀንና ከዚያ በኋላ ስላለው አንድ ዓመት ነው።

ሀገሪቱ በዚህ ረገድ ባዶ እጇን አይደለችም፤ የተሠራውን አለመመስከር ነውር ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት የሀገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ሸክሙን ብቻውን ተሸክሟል። እስከ 1995 ዓ.ም. ድረስ ሳይካትሪስት መሆን የሚሻ ሐኪም ባሕር መሻገር ነበረበት፤ በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ሥልጠናውን እዚሁ ጀመረ። ዛሬ በአማኑኤልም በቅዱስ ጳውሎስም ሆስፒታል ለሱስ የተለየ ሕክምና ይሰጣል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል እንዳይሸጥም ከልክሏል። በግልና በበጎ አድራጎት የተከፈቱ ማገገሚያዎችም አሉ፤ የግሎቹ ወርኃዊ ክፍያ ግን በደመወዝ ለሚተዳደር ቤተሰብ የሚቀመስ አይደለም።

እነዚህ ሁሉ ወይ ሰው ሱስ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ያለውን፣ ወይ አልጋ ላይ ሳለ ያለውን ጊዜ የሚመለከቱ ናቸው። ከአልጋው ከተነሣ በኋላ ያለው ጊዜ ባለቤት የለውም።

የጉዳዩ ስፋት ለሚኒስቴሩ አዲስ ነገር አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከተጠየቁት ወንዶች 27 ከመቶው፣ ከሴቶቹ 12 ከመቶው ጫት ቅመው እንደሚያውቁ ተናግረዋል። ከዚያ በፊት፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በቡታጅራ ከ10 ሺህ በላይ ጎልማሶችን ጠይቀው ግማሾቹ በወቅቱ ይቅሙ እንደነበር አረጋግጠዋል። የቃመ ሁሉ ሱሰኛ ነው ማለት አይደለም። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ ውስጥ በራሱ ማቆም የማይችለው ጥቂቱ እጅ ብቻ ቢሆን እንኳ ግን፣ ቁጥሩ አሁን ባሉት አልጋዎች የሚቻል አይደለም። አረቄው፣ ጠጁ፣ ሲጋራው፣ ሐሺሹና ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚቸበቸበው ትራማዶል ገና አልተቆጠሩም።

ሁለትና ሦስት ሳምንት ለምን አይበቃም? ለዓመታት በየቀኑ አረቄ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም የመጀመሪያው መንቀጥቀጥ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይመጣል። ራስን የሚያስተው መንዘፍዘፍ ብዙውን ጊዜ እስከ ሁለተኛው ቀን ድረስ ይከሰታል፤ የሌለ ነገር እያሳየ የሚያስለፈልፈው የከፋው ቀውስ ደግሞ በሦስተኛው ቀን ገደማ ይጀምራል። ይህኛው ካልታከመ ይገድላል። ሐኪሞቹና ነርሶቹ በዳያዜፓምና በቫይታሚን ቢ1 ያሻግሩታል፤ በሳምንት፣ ቢበዛ በ10 ቀን አብዛኛው ያልፋል። ሆስፒታሉ ይህን ሥራ ያውቅበታል፤ ሊመሰገንበትም ይገባል።

ጫት ያቆመ ሰው ደግሞ አካሉ እንደዚህ አይናወጥም። ድካም ይጫነዋል፤ ይደብረዋል፤ ሌሊቱን ዱካክ ያስጨንቀዋል። ይህም በቀናትና በሳምንታት ይረግባል። የሚከብደው ሌላው ነው። ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት የሚዘልቀው በርጫ አለ፤ ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣው ጨብሲ አለ፤ እንቅልፍ እምቢ ሲል የሚዋጠው ክኒን አለ። ጓደኝነቱ፣ ወሬው፣ ሥራ የሚገኝበት ትውውቅ ሳይቀር ከዚህ ጋር የተሰፋ ነው። ጫቱ ሲነሣ የሰውየው ቀን እኩሌታው ባዶ ይቀራል። ያንን ባዶ ቦታ የሚሞላ ክኒን የለም። የሚሞላው ሌላ ሰው፣ ሌላ ሥራና ሌላ ልማድ ነው፤ ያ ደግሞ በሳምንታት አይተከልም።

የአሜሪካ ብሔራዊ የአደንዛዥ ዕፅ ጥናት ተቋም ለሕክምና ባለሙያዎች በሰጠው መመሪያ ተኝቶም ሆነ ተመላልሶ የሚወሰድ ሕክምና ከ90 ቀን ሲያንስ ውጤቱ ውስን እንደሆነ ይገልጻል። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1993 በ11 የአሜሪካ ከተሞች ወደ ሕክምና የገቡ 10 ሺህ ያህል ሰዎችን የተከታተለው ትልቅ ጥናትም ያንኑ አሳይቷል፤ በማገገሚያ መኖሪያ 3 ወርና ከዚያ በላይ የቆዩት ከዓመት በኋላ ሲታዩ ቀድመው ጥለው ከወጡት የተሻለ ሁኔታ ላይ ነበሩ። አንድ ጠንቃቃ አንባቢ ግን እዚህ ላይ ይጠይቃል፦ የቆየው ሰው ቀድሞውንም ቁርጠኛ የነበረው ቢሆንስ? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልስ ለማግኘት ሰዎቹን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ማነጻጸር ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለ ሥራ ደግሞ ተሠርቷል።

የተሠራውም ኦክስፎርድ ሐውስ በሚባሉት ቤቶች ላይ ነው። የመጀመሪያው ቤት እ.ኤ.አ. በ1975 የተከፈተው ዛሬ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶችና ሱቆች በሞሉበት በሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው። የአካባቢው መስተዳድር ከአልኮል ሱስ የሚያገግሙ ሰዎች ይኖሩበት የነበረውን ቤት በገንዘብ እጥረት ሊዘጋው ሲል፣ ነዋሪዎቹ ኪራዩን እኛው ከፍለን እንኖርበታለን ብለው ተረከቡት። ሠራተኛ የለ፣ ዘበኛ የለ፣ ዳይሬክተር የለ። ሊቀ መንበሩንና ገንዘብ ያዡን ከመካከላቸው ይመርጣሉ፤ ኪራዩንና መብራቱን ይካፈላሉ፤ አዲስ ሰው የሚገባው ነዋሪዎቹ ድምፅ ሰጥተውበት ነው። መጠጥ ወይም ዕፅ የነካ ይወጣል። ደንቡን ለጠበቀና ድርሻውን ለከፈለ ግን የመውጫ ቀን አይቆረጥለትም። ዕድር ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ አሠራር እንግዳ አይሆንበትም፤ መዋጮ አለ፣ ደንብ አለ፣ ደንብ ያፈረሰ በአባላት ፊት ይጠየቃል። ዛሬ እንዲህ ያሉት ቤቶች በአሜሪካ ከ3,000 በላይ ናቸው።

የቺካጎው ዲፖል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኢሊኖይ ከሱስ ሕክምና የወጡ 150 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ ወደ እነዚህ ቤቶች ገቡ፤ የቀሩት በተለመደው መንገድ፣ ማለትም በተመላላሽ ክትትልና በየራሳቸው ጥረት ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው ውጤት መሠረት ከሁለት ዓመት በኋላ ከቤቶቹ ነዋሪዎች መካከል ወደ ዕፅ ወይም ወደ መጠጥ የተመለሱት 31 ከመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ በሌላው ወገን 65 ከመቶ ገደማ ነበሩ። ገቢያቸውም የተሻለ ነበር፤ እስር ቤት የገቡትም አነስተኛ ነበሩ። ሁለቱም ወገኖች የመጡት ከሕክምና ማዕከል ነበር። ልዩነቱን ያመጣው ከዚያ በኋላ ያረፉበት ቤት ነው።

ለሚኒስቴሩ የበጀት ባለሙያዎች ይበልጥ የሚጠቅማቸው ደግሞ የገንዘቡ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የአሜሪካ ሕግ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት 100 ሺህ ዶላር ያለው ተዘዋዋሪ ፈንድ እንዲያቋቁም አደረገ። 6 ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ የሚያገግሙ ሰዎች ተሰባስበው ቤት ሲከራዩ ለመነሻ እስከ 4,000 ዶላር ይበደራሉ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ይመልሳሉ፤ የተመለሰው ገንዘብ ለሌላ ቤት ይውላል። መንግሥት ሕንፃ አልገነባም፤ ደመወዝ አልከፈለም። በጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ተደራጅቶ በቡድን መበደርን ለዓመታት የተለማመደች ሀገር ይህን ለመጀመር ከማን ትማራለች? የጎደለው ተበዳሪው ቡድን ከሱስ የሚያገግሙ ሰዎች ሊሆኑ እንደሚችሉ የሚፈቅድ መመሪያ ብቻ ነው።

እርግጥ ሁሉም ሰው ከሆስፒታል በቀጥታ ወጥቶ ኪራይ መካፈል አይችልም። ትምህርት ያቋረጠ፣ ጎዳና ላይ ያደገ፣ ማረሚያ ቤት ደጋግሞ የገባ፣ አንድም ሙያ በእጁ የሌለ ሰው አለ። ለእንዲህ ያለው ሰው ከዚያ በፊት ረዘም ላለ ጊዜ የሚያቆይ ሌላ ቤት ያስፈልገዋል።

ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው ዴላንሲ ስትሪት ለእንዲህ ያሉ ሰዎች የቆመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ጆን ማሄር የተባለ ከሄሮይን ሱስ የተላቀቀ ሰው በ1,000 ዶላር ብድር ጀመረው፤ የሥነ ልቦናና የወንጀል ጥናት ባለሙያዋ ሚሚ ሲልበርት ብዙም ሳይቆዩ ተቀላቀሉትና ለአሥርት ዓመታት መሩት። የሚገባው ሰው ቢያንስ ሁለት ዓመት ለመቆየት ይስማማል፤ ብዙዎቹ ከዚያም በላይ ይቆያሉ። ክፍያ የለም። ቤቱ የሚተዳደረው ነዋሪዎቹ በሚሠሩት ሥራ ነው፤ የቤት ዕቃ ማጓጓዣ ድርጅትና የገና ዛፍ ንግድ አላቸው። አዲስ የገባ ሰው በመጥረጊያና በመወልወያ ይጀምራል። ወለሉን በሚገባ ማጽዳት የሚያስተምረው ሰው ከእሱ ጥቂት ወራት ቀድሞ የገባ ነው፤ ማንበብ የሚያስተምረውም እንደዚያው። የሰባተኛ ክፍል ዕውቀት ያለው የአራተኛ ክፍል ዕውቀት ላለው ያስተምራል። ከመውጣቱ በፊት ገበያ ላይ የሚፈለጉ ሦስት ሙያዎችን መልመድ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ጋር የሚስተካከል ትምህርትም መጨረስ ይጠበቅበታል። ማዕከላቸውን ራሱን፣ በባሕሩ ዳር ያለውን ባለ ብዙ ክፍል ሕንፃ፣ ነዋሪዎቹ እዚያው ግንበኝነትና አናጢነት እየተማሩ እ.ኤ.አ. በ1990 ገንብተው ጨርሰዋል።

ከዚህ ለኢትዮጵያ የሚወሰደው ሐሳብ ቀላል ነው። ማገገሚያ የገባ ወጣት አንድ ዓመት ሲቆይ ያንን ዓመት በምክር አገልግሎት ብቻ መሙላት አይቻልም። ጠዋት በአቅራቢያው ካለ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ጋር በተፈረመ ስምምነት ብየዳ፣ ቧንቧ ሥራ፣ ዳቦ ጋገራ፣ ልብስ ስፌት ይማር። ሲወጣ የሙያ ብቃት (ሲኦሲ) ምዘና ወስዶ የብቃት ማረጋገጫው በእጁ ይሁን። የጤና ሚኒስቴርና የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር እዚህ ላይ ካልተገናኙ፣ አንዱ ያዳነውን ሰው ሌላው ሥራ አጥ ብሎ ይመዘግበዋል።

ይህ ደብዳቤ ግን ረጅም ጊዜ የሚያቆይ ቤት ሁሉ መልካም ነው አይልም። ታሪኩ የሚያስፈራ ገጽም አለው፤ ሚኒስቴሩ ከመጀመሩ በፊት ይህን ገጽ በደንብ ማንበብ አለበት።

በጣሊያን ሪሚኒ አጠገብ ቪንቼንዞ ሙቾሊ እ.ኤ.አ. በ1978 የመሠረቱት ሳን ፓትሪኛኖ ከአውሮፓ ማገገሚያዎች ሁሉ ስሙ የገነነ ነው። በነጻ ይቀበላል፤ ሦስትና አራት ዓመት ያቆያል፤ ወይን ይጠምቃሉ፣ አይብ ይሠራሉ፣ ይሸምናሉ፣ ቆዳ ይሠራሉ። ሄሮይን ጣሊያንን በሚያምስበት ዘመን መንግሥት ያልሠራውን ሠርቷል፤ ልጆቻቸው የተመለሱላቸው ወላጆች ዛሬም ያመሰግናሉ። በዚያው ቤት ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንዳይወጡ ተብለው በሰንሰለት የታሰሩ ነዋሪዎች ተገኝተው መሥራቹ ፍርድ ቤት ቀርበዋል፤ የተፈረደባቸውን በይግባኝ አስነሡ። እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ አንድ ነዋሪ እዚያው ውስጥ በሌሎች ነዋሪዎች ተደብድቦ ሞተ፤ አስከሬኑ ርቆ ተወስዶ ተጣለ። እውነቱ የወጣው ከዓመታት በኋላ ሲሆን ሙቾሊም ወንጀሉን በመሸፋፈን ተፈርዶባቸዋል። ማዕከሉ ከእሳቸው ሞት በኋላ አሠራሩን ለውጦ እስከ ዛሬ ይሠራል። የዚህ ዓይነቱ ቤት ሁሉ አባት የሚባለው የካሊፎርኒያው ሲናኖን የደረሰበት ከዚህም የከፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ሲጀመር በሴናተሮች ሳይቀር የተወደሰው ቤት በ1970ዎቹ ሃይማኖት ነኝ ወደ ማለት ተሸጋገረ፤ የነዋሪዎቹን ራስ አስላጨ፤ ባለትዳሮችን አፋታ። በ1978 አባላቱ የከሰሳቸውን ጠበቃ የፖስታ ሣጥን በመርዘኛ እባብ አጠመዱት። በ1991 ፈረሰ።

ሁለቱ ቤቶች የተበላሹት በአንድ ምክንያት ነው። አንድ ሰው ሁሉን አዛዥ ሆነ፤ ከውጭ የሚመረምር አልነበረም።

በድሃ ሀገሮች ደግሞ ታሪኩ ሌላ ገጽ አለው። መስከረም 2019 እ.ኤ.አ. በሰሜን ናይጄሪያ ካዱና የፖሊስ አባላት ትምህርት ቤትም ማገገሚያም ነው ከተባለ አንድ ቤት በመቶዎች የሚቆጠሩ ወንዶችንና ሕፃናትን ነጻ አወጡ፤ ብዙዎቹ እግራቸው በሰንሰለት ታስሮ ነበር። አብዛኞቹን ወደዚያ ያስገቧቸው የገዛ ቤተሰቦቻቸው ናቸው፤ ሌላ የሚወስዱበት ስላልነበራቸው። ጥር 2012 እ.ኤ.አ. በፔሩ ዋና ከተማ ሊማ አንድ ማገገሚያ ቤት ሲቃጠል ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሩ ተቆልፎ መስኮቱ በብረት ታጥሮ ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በጋራ ባወጡት መግለጫ ሰዎችን ያለ ፈቃዳቸው አስገብተው የሚያቆዩ የዕፅ ማገገሚያዎች እንዲዘጉ ጠይቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና የወንጀል መከላከያ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጡት የሕክምና መስፈርትም ሕክምናው በፈቃደኝነት ላይ ይቁም ይላል።

ስለዚህ ፈቃድና ቁጥጥር ከሕንፃው ይቅደም። በየትኛውም ማገገሚያ በሩ ከውስጥ የሚከፈት ይሁን። የገባ ሰው መቼ መውጣት እንደሚችል በጽሑፍ ይነገረው። ቅሬታ የሚቀበለው አካል ከማዕከሉ ውጭ ይሁን፤ ስልክ ቁጥሩም መኝታ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። መርማሪዎች ሳይናገሩ ይምጡ። ልጁን ያስገባ ቤተሰብም ያለ ጠባቂ የሚያነጋግርበት ሰዓት ይኑረው። እነዚህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ ነገሮች አይደሉም፤ ቤቶቹ ከበዙ በኋላ ለማስገባት ግን በጣም ይከብዳሉ።

መድኃኒትም መዘንጋት የለበትም። አንዳንድ ማገገሚያዎች መድኃኒት መውሰድን ሌላ ሱስ አድርገው ይቆጥሩታል፤ ይህ አመለካከት ሰው ይገድላል። እንደ ሄሮይን ያሉ ዕፆችን ያቆመ ሰው ሰውነቱ የለመደውን መጠን የመቻል አቅሙን ስለሚያጣ፣ አንድ ቀን ቢያገረሽበትና የድሮውን መጠን ቢወስድ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። በ2003 እ.ኤ.አ. በለንደን የታተመ ጥናት ተኝተው የታከሙ 137 ሰዎችን ተከታትሎ፣ በአራት ወር ውስጥ ከመጠን በላይ በመውሰድ የሞቱት ሦስቱም ሕክምናቸውን በሚገባ ከጨረሱት ወገን መሆናቸውን አሳይቷል። የቀጠናችን ሀገሮች ይህን ተረድተዋል። ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በ2011 በሙሂምቢሊ ሆስፒታል፣ ኬንያ በ2014 የሜታዶን ሕክምና ጀምረዋል፤ በዛንዚባር ደግሞ ያገገሙ ሰዎች ራሳቸው የሚመሯቸው የማገገሚያ ቤቶች ከ2009 ጀምሮ ይሠራሉ። ለአልኮል ሱስ የሚረዱት ናልትሬክሰንና አካምፕሮሴት በ2023 በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ገብተዋል። በሀገር ውስጥ የመድኃኒት ዝርዝርና ግዢ ላይም ተገቢ ቦታቸውን ሊያገኙ ይገባል።

ስለ ጸበል ሳይነሣ ደግሞ ይህ ጉዳይ በኢትዮጵያ ሙሉ አይሆንም። ከሆስፒታል ይልቅ ጸበል ቦታ የሚሄደው ሰው እጅግ ይበዛል፤ በእንጦጦና በሌሎችም ገዳማት ዙሪያ በኪራይ ክፍል ወራት የሚቀመጡ ሱስ የያዛቸው ወጣቶች አሉ። ይህን በንቀት ማየት ስሕተት ነው። ሰውየው ከሰፈሩ ርቋል፤ ሌሊት ይነሣል፤ ይጾማል፤ ቀኑ ሥርዓት አለው፤ እንደ እሱ የተቸገሩ ሰዎች አብረውት አሉ። የረጅም ጊዜ ማገገሚያ የሚፈልገው ብዙው ነገር እዚያ አለ። የማይኖረው መንዘፍዘፍ ሲመጣ የሚደርስ ሐኪም ነው፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ሰንሰለቱ አለ። በኤች አይ ቪ ጊዜ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ጥለው ወደ ጸበል ሲሄዱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ በይፋ አስተምረው ነበር። ያ ትምህርት የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል። ሚኒስቴሩ ከቤተ ክርስቲያኒቱ፣ ከእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤትና ከአብያተ ክርስቲያናት ኅብረቶች ጋር ተነጋግሮ፣ ሰው በብዛት በሚከርምባቸው የጸሎት ቦታዎች አጠገብ የአእምሮ ጤና ነርስ ያለበት ትንሽ ክሊኒክ ቢያቆም ሰንሰለቱን የሚያስፈታ መንገድ ይከፍታል።

ሴቶች በዚህ ሁሉ ውስጥ የሉም ማለት ይቻላል። አርሲ ነገሌንና መሰል ከተሞችን የሚያውቅ ሰው አረቄ አውጥተው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶችን ያውቃል፤ ምድጃው አጠገብ ቀምሶ የሚጀመር መጠጥ ምን እንደሚያደርስም ያውቃል። ወንድ ሰክሮ መንገድ ላይ ሲወድቅ ሰው ያነሣዋል። ሴት ግን ቤት ዘግታ ትጠጣለች፤ ታክማ ብትመጣ እንኳ ስሟ ከበሽታዋ ቀድሞ ይወራል። ልጅ ያላት ደግሞ ልጇን ለማን ትታ ዓመት ትቆያለች? ሳን ፓትሪኛኖ ጥፋቱ እንዳለ ሆኖ እናቶችን ከልጆቻቸው ጋር የሚቀበልበት ቤት አለው። በኢትዮጵያ በሚኒስቴሩ ድጋፍ የሚከፈተው የመጀመሪያ ቤትም የሕፃናት አልጋ ያለው፣ ለሴቶች የተለየ ክፍል ይኑረው።

አንድ የሕግ ጉዳይም አለ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ የሚያዘዋውረውን ብቻ ሳይሆን የሚጠቀመውንም ይቀጣል። ሕክምና የሚፈልግ ሰው ስሙ ፖሊስ ጋር እንዳይደርስ ይፈራል፤ ሠራተኛ ከሆነ መሥሪያ ቤቱ እንዳይሰማ ይፈራል። ሚኒስቴሩ ከፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ተነጋግሮ፣ ለሕክምና በራሱ ፈቃድ የመጣ ሰው መረጃ ለክስ እንደማይውል በግልጽ የሚደነግግ መመሪያ ቢያወጣ፣ ያለ አንድ ብር ወጪ ብዙ ሰው ከተደበቀበት ይወጣል።

ገንዘብ የለም የሚል መልስ ሊሰጥ እንደሚችል ይታወቃል። እውነትም አለበት፤ ጦርነትና መፈናቀል ባደቀቀው የጤና በጀት ላይ ሌላ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ማገገሚያ ያላገኘው ሰው ደጋግሞ ሆስፒታል ይተኛል፤ ቤተሰቡን ያደኸያል፤ ሥራውን ያጣል፤ አንዳንዱም ማረሚያ ቤት ይገባል። ይህ ሁሉ ዛሬም እየተከፈለበት ነው፤ የሚከፈለው ግን በየመዝገቡ ተበትኖ ስለሆነ አንድ ላይ አይታይም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሱስ ሕክምናን፣ ተኝቶ መታከሙንም ከዚያ በኋላ ያለውን የማገገሚያ ጊዜም፣ በግልጽ ስሙን ጠርቶ ቢሸፍን የመጀመሪያው ትልቅ እርምጃ ይሆናል።

ሥራው በትልቅ ሕንፃና በሪባን መቁረጥ እንዲጀመርም አይጠየቅም። በአዲስ አበባ አንድ፣ በጅማ ወይም በድሬዳዋ አንድ ቤት በኪራይ ይከፈት። እያንዳንዱ ከ20 የማይበልጡ ሰዎችን ይያዝ፤ በአቅራቢያው ካለ ሆስፒታል ጋር ይተሳሰር፤ ቢያንስ ከሠራተኞቹ እኩሌታው ራሳቸው ከሱስ ያገገሙ ይሁኑ። ከዚያ የወጡት ተሰባስበው ቤት ሲከራዩ የተዘዋዋሪ ብድሩ ይጠብቃቸው። ሪፖርት ሲቀርብ ደግሞ ስንት ሰው ገባ፣ ስንት ሰው ተመረቀ የሚለው አይበቃም። ከወጡ ከ12 ወር በኋላ ስንቱ ከሱስ ርቆ እንዳለ፣ ስንቱ ሥራ እንደያዘ፣ ስንቱ እንዳገረሸበትና ተመልሶ እንደገባ፣ ስንቱ እንደሞተ ተቆጥሮ በየዓመቱ ለሕዝብ ይገለጽ። ያገረሸበት ሰው ተመልሶ ሲመጣ አልጋ የሚያገኝበት አሠራርም በዚያው መመሪያ ውስጥ ይጻፍ፤ ብዙዎች የሚድኑት በሁለተኛውና በሦስተኛው ጊዜ ነውና።

ከአክብሮት ጋር

ግልባጭ፦
ለፍትሕ ሚኒስቴር
ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮ